የተሽከርካሪ መሪ ችግር፦ ባለንብረቱ በራሱ የሚያቃልለውና ለባለሙያ የሚተወው

ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ በኩል ወደ ባቱና ሻሸመኔ የሚዘልቀው መንገድ ቲማቲምና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች፣ አሸዋ የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች፣ ሚኒባሶችና ባጃጆች ቀን ከሌት የሚመላለሱበት ነው። በዚህ መስመር ኑሯቸውን በተሽከርካሪ ላይ የመሠረቱ ባለንብረቶች ከሚያሳስቧቸው ብልሽቶች አንዱ የመሪ ችግር ነው። መሪ ሲከብድ፣ ወደ አንድ ጎን ሲስብ ወይም ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ትልቁን ክፍል ማለትም የመሪ ሳጥኑን ወይም ፓምፑን ነው፤ ጋራዥ ሲገባም ለዚሁ ክፍል ከፍተኛ ገንዘብ ይጠየቃል። የችግሩ መነሻ ግን በርካታ ጊዜ የጎማ ነፋስ ማነስ፣ የዘይት መጉደል፣ የላላ ቺንጋ ወይም ግራሶ ያጣ መገጣጠሚያ ሆኖ ይገኛል።

ይህ መረጃ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች በራሳቸው ሊያከናውኑ የሚችሏቸውን ምርመራዎችና ቀላል ጥገናዎች ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው። በዚያው ልክ በራስ መነካት የሌለባቸውን ክፍሎች ለይቶ ያመለክታል። የመሪ ብልሽት ከሞተር ብልሽት የተለየ ነው፤ ሞተር ቢጠፋ ተሽከርካሪው ይቆማል፣ የመሪ መገጣጠሚያ ቢለያይ ግን ተሽከርካሪው ጉዞውን ይቀጥላል፣ አቅጣጫውን የሚወስን ሰው ግን አይኖርም። ስለሆነም ገንዘብ መቆጠብ የሚቻልባቸው ሥራዎችና ቁጠባ የማይፈቀድባቸው ሥራዎች ተለይተው መታወቅ አለባቸው።

የመሪ ሥርዓት አሠራር በአጭሩ

አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር እንቅስቃሴው በመሪው ዘንግ አልፎ ወደ መሪ ሳጥን ይደርሳል። በአይሱዙ፣ በሲኖትራክና በቀደሙት ላንድክሩዘሮች ሳጥኑ እንቅስቃሴውን በክንድ አማካይነት ወደ ታይሮድ ያስተላልፋል። እንደ ቪትዝና ኮሮላ ባሉ የቤት መኪናዎች ደግሞ በሳጥኑ ምትክ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ጥርስ ያለው ዘንግ ይገኛል፤ ጫፎቹም ከአቧራ በሚከላከል የጎማ ሽፋን ተሸፍነዋል። በሁለቱም ዓይነት የመጨረሻው ሥራ የታይሮድ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ክብ መገጣጠሚያ ጎማውን ይገፋል ወይም ይስባል።

ፓወር ስቲሪንግ ለአሽከርካሪው ጉልበት የሚጨምር ረዳት እንጂ መሪው ራሱ አይደለም። በዘይት የሚሠራው ዓይነት በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ፓምፕ አለው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ ዘይት የለውም፤ ኃይሉን ከባትሪ ያገኛል። ባለንብረቱ ማንኛውንም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠቀም ማወቅ ይኖርበታል። ኮፈን ተከፍቶ የመሪ ዘይት ዕቃ ካልተገኘ ተሽከርካሪው በኤሌክትሪክ የሚረዳ ነው፣ አለበለዚያም ረዳት የሌለው ነው።

መሪ ሲከብድ

የመጀመሪያው ምርመራ የፊት ጎማዎች ነፋስ ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ መሬት ላይ ተንሰራፍቶ ስለሚያርፍ መሪውን ለማዞር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ተገቢው መጠን በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች በአሽከርካሪው በር መቃን ላይ በተለጠፈ ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን በመሆኑ በእሱ መመራት ስሕተት ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በተለይም ጠዋት ከጉዞ በፊት ነው። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የጎማው ነፋስ በግምት በ1 ፒ.ኤስ.አይ. ይጨምራል፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ በቆቃ ፀሐይ ሥር የተለካ ጎማ በቂ ነፋስ ያለው መስሎ ሊታይ ይችላል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርዱ ሙቀቱን ፈርተው ከጎማው ነፋስ ይቀንሳሉ። ይህ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር፣ ቆቃ ደግሞ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በቁልቁለቱ ምክንያት የአካባቢው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ የሚታየው ነፋስ በ1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል። የሙቀቱ ጭማሪ ያንን ያካክሰዋል። የተቀነሰው ነፋስ ግን መሪውን ያከብዳል፣ ጎማውን ያሞቃል፣ ጭነት ባለበት ጊዜም ለፍንዳታ ያጋልጣል።

የጎማው ነፋስ ተስተካክሎ ክብደቱ ካልቀነሰ የመሪ ዘይት ይታያል። የዘይቱ ዕቃ ላይ የዝቅተኛና የከፍተኛ መጠን ምልክቶች አሉ። ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ መጨመር ይቻላል፤ ሆኖም የዘይቱ ዓይነት በክዳኑ ላይ ወይም በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። በርካታ የቶዮታና የአይሱዙ ሞዴሎች ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያገለግለውን ቀይ ዘይት ይጠቀማሉ፣ ሌሎች ግን የተለየ ዘይት ይጠይቃሉ። የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት በመሪ ዘይት ዕቃ ውስጥ መግባት የለበትም። የፍሬን ዘይት የፓምፑንና የሳጥኑን የጎማ ማሸጊያዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፤ ጥቂት ጠብታ ለመቆጠብ ሲባል የተፈጸመ ይህ ስሕተት ሙሉ ፓምፕ እስከማስለወጥ ያደርሳል። የሞተር ዘይትም ምትክ አይሆንም።

ዘይቱ አረፋ ከሠራ ወይም መሪው ሲዞር የሚያጉረመርም ድምፅ ካሰማ በውስጡ አየር አለ ማለት ነው። አየሩን ማስወጣት ቁልፍ የማይፈልግ ሥራ ነው። የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው ተሽከርካሪው በጠንካራ መቆሚያ ላይ ከተደገፈ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ መሪው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በዝግታ ከ10 ጊዜ ያላነሰ ይዞራል። በመካከሉ የዘይቱ መጠን እየታየ ይሞላል። ከዚያም ሞተሩ ተነስቶ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲሠራ መሪው እንደገና በዝግታ ይዞራል፤ አረፋው እስኪጠፋም ይደገማል። መሪውን በመጨረሻው ጫፍ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ ይዞ ማቆየት ፓምፑን ስለሚያሞቅ በዚህ ሥራም ሆነ በዕለት ተዕለት ማሽከርከር መወገድ ይኖርበታል። በጠባብ የገበያ መንገድ ላይ ለመዞር የሚታገሉ የጭነት መኪናዎች ፓምፕ ቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዘይት የሚጎድለው ሲፈስ ብቻ ነው። በመሆኑም የተጨመረ ዘይት በሳምንት ውስጥ ደግሞ ከጎደለ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ሌሊት ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርግቶ ማሳደር የሚፈስበትን ቦታ በግልጽ ያሳያል። እርጥበቱ ቱቦ በሚጠብቅበት ቦታ ከሆነ ማጥበቂያውን በካቻቢቴ ማጥበቅ ወይም ማጥበቂያውን መለወጥ የባለንብረቱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ ግፊት የሚያስተላልፈው ቱቦ፣ ፓምፑ ራሱ ወይም በጥርሱ ዘንግ ጫፍ ያለው የጎማ ሽፋን ውስጡ በዘይት ከተሞላ ግን ለባለሙያ መተው አለበት። ግፊት ያለበት ቱቦ በጨርቅ፣ በካላማዳሪያ ቁራጭ ወይም በሽቦ ታስሮ መንዳት የሚፈነዳበትን ጊዜ ከማዘግየት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የሚረጨው ዘይትም ትኩስ የሞተር ክፍል ላይ ሲያርፍ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ቺንጋውን መፈተሽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ከተሽከርካሪው ተነቅሎ፣ ቺንጋው በሁለት ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫን በአብዛኛው የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ይረግባል። ከዚያ በላይ ከረገበ ላልቷል፤ መሪ ሲዞር የሚሰማው ሹል ጩኸት ምልክቱ ነው። የተሰነጣጠቀ፣ ጠርዙ የተበላ ወይም ዘይት የነካው ቺንጋ አይጠብቅም፣ ይለወጣል። ቺንጋ ላይ ሳሙና ወይም ሙጫ መቀባት ጩኸቱን ለጊዜው ቢያጠፋም የመንሸራተቱን ምክንያት አያስወግድም።

መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚረዳ ተሽከርካሪዎች ላይ ክብደቱ ከባትሪ ድካም ሊመጣ ይችላል። የባትሪው ጫፎች ላይ የተጠራቀመውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውኃና በሶዳ አጥቦ ማድረቅ፣ ማሰሪያዎቹንም ማጥበቅ ቀላል ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ የመሪው የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ከቀጠለ በኮምፒውተር መመርመር ያስፈልገዋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመወሰኑ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ውስጥ የሚታዩት ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ሕይወት የሚያጠፋ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስተላልፋሉ፤ ሥልጠና የሌለው ሰው ሊነካቸው አይገባም።

መሪው ጭራሽ አልዞር፣ ቁልፉም አልዞር ሲል ብዙ ሰው መካኒክ ይጠራል። ይህ በአብዛኛው ብልሽት አይደለም። ቁልፉ ተነቅሎ ሳለ መሪው ከተነካ የስርቆት መከላከያው ቆልፎታል ማለት ነው። መሪውን በአንድ እጅ በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየነቀነቁ ቁልፉን ማዞር ይከፍተዋል። ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አደገኛ ልማድ አለ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው ዓይነት ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከጠፋ የመሪው ረዳት ኃይል ይቋረጣል፣ የፍሬኑም ረዳት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያልቃል፣ ቁልፉ ከተነቀለም መሪው በጉዞ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። የሚቆጠበው ነዳጅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ተሽከርካሪው ወደ አንድ ጎን ሲስብ

በአዳማና አካባቢው ነፋስ ብርቱ ነው፤ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለቱ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና ወይም ባለ ከፍ ያለ ጣሪያ ሚኒባስ በጎን ነፋስ ሲገፋ አሽከርካሪው የመሪ ብልሽት ሊመስለው ይችላል። መለየት ቀላል ነው። በአንድ መንገድ ሄዶ በዚያው መንገድ ሲመለስ ስበቱ ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ ከተለወጠ ነፋስ ነው። በመሄድም በመመለስም ወደ ቀኝ ብቻ ከሆነ የመንገዱ ጠርዝ ለውኃ መውረጃ ሲባል ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በሜዳማ ሰፊ ቦታ ላይ ሲሞከርም ይጠፋል። በሜዳማ ቦታ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚስብ ከሆነ ግን ችግሩ የተሽከርካሪው ነው።

በዚህ ጊዜ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ነፋስ እኩል መሆኑ ይረጋገጣል። እኩል ከሆነ የግራው ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይቀያየራል፤ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለበት ጎማ ግን አይቀያየርም። ስበቱ አቅጣጫውን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልለወጠ አጭር ጉዞ ተደርጎ፣ በተቻለ መጠን ፍሬን ሳይያዝ ከቆመ በኋላ እጅን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች በማስጠጋት ሙቀታቸው ይነጻጸራል። ቸርኬውን በእጅ መንካት ሊያቃጥል ስለሚችል ማስጠጋት ብቻ ይበቃል። ከሌላኛው ይልቅ የጋለው ቸርኬ ፍሬኑ አልለቅ ያለ ነው፤ ጉዳዩም የፍሬን እንጂ የመሪ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ጤናማ ሆነው ከተገኙ የጎማዎቹ አቅጣጫ ሊዛባ እንደሚችል ይገመታል። ወደ አላይመንት ከመሄድ በፊት ሁለት ሰው፣ ጠመኔና ሜትር ያለው ባለንብረት ግምታዊ ልኬት መውሰድ ይችላል። ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ላይ መሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ፊት ለፊት፣ በቸርኬው መሐል ከፍታ፣ በጎማው ጥርስ መካከል ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች ርቀት በሜትር ይለካል። ከዚያም ተሽከርካሪው ምልክቶቹ ወደ ኋላ ዞረው በዚያው ከፍታ ላይ እስኪደርሱ በእጅ ወደ ፊት ይገፋል፤ ርቀቱም እንደገና ይለካል። የፊቱ ልኬት ከኋላው እኩል ወይም እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሰ ቢሆን ለብዙ የቤት መኪናዎች የተለመደ ነው። ከዚህ በእጅጉ የራቀ ከሆነ፣ ወይም የጎማው ውስጣዊ ወይም ውጫዊ ጠርዝ ብቻ እየተበላ ከሆነ አላይመንት ማሠራት ከአዲስ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ታይሮዱን በራስ ግምት እያዞሩ ማስተካከል አይመከርም።

መሪ ባዶ ሲጫወትና የግራሶ ጉዳይ

የመሪ ባዶ እንቅስቃሴ ማለት ጎማው ሳይነቃነቅ መሪው የሚሄደው ርቀት ነው። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ሞተሩም ተነስቶ፣ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣት ሲንቀሳቀስ የፊት ጎማው መነቃነቅ እስኪጀምር ያለው ርቀት በመሪው ጠርዝ ላይ በማስመሪያ ይለካል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ይህ ርቀት ከ30 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ አምራቹ ያዛል። ለጭነት መኪናዎች ልኩ ስለሚለያይ የተሽከርካሪው መመሪያ መታየት አለበት።

የላላውን ክፍል ለመለየት አንድ ሰው መሪውን በአጫጭር እንቅስቃሴ ሲነቀንቅ ሌላው ሰው ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ከጎን ሆኖ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይመለከታል። ከሁለት ተያያዥ ክፍሎች አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ የተበላው በመካከላቸው ያለው መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛው ምርመራ ጎማው ከመሬት ተነስቶ የሚደረግ ነው። ጎማው በግራና በቀኝ ጎኑ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነ ታይሮዱ ይጠረጠራል፤ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነ ቦል ጆይንት፣ በአይሱዙ ደግሞ ኪንግፒን፣ ወይም የቸርኬው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ሁለተኛው ሰው ፍሬን ረግጦ ሲይዝ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ከሌሎቹ አንዱ ነው። ባለንብረቱ ይህን ውጤት ይዞ ጋራዥ ቢገባ ሁሉም ክፍል በጅምላ እንዲለወጥ ከሚቀርብ ሐሳብ ራሱን ይጠብቃል።

ተሽከርካሪ ሲነሳ ጥንቃቄ አይጓደልም። የቆቃና የአካባቢው አፈር ብዙ ቦታ አሸዋማና ልል በመሆኑ ክሪክ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ መደረግ ይኖርበታል። የኋላ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ይያዛሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ ተሽከርካሪ ሥር ማንም ሰው እጁንም ሆነ አካሉን ማስገባት የለበትም። የብረት መቆሚያ ከሌለ ወፍራም የእንጨት ግንድ ይሻላል። ድንጋይና ብሎኬት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰነጠቃሉ።

በአይሱዙና በቀደሙት ላንድክሩዘሮች የመሪ ክንዶች፣ የታይሮድ ጫፎችና ኪንግፒኖች ላይ ግራሶ የሚገባባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በስምጥ ሸለቆ መንገዶች ላይ ከመሪ ጥገናዎች ሁሉ ርካሹ፣ ደግሞም በብዛት የሚዘነጋው የእነዚህ ግራሶ ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥተው ወደ ማሳዎች የሚወስዱት መንገዶች ደቃቅ አቧራ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስለዚህ ግራሶ የሚሰጠው ቀዳዳው ዙሪያ በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ብቻ ነው፤ ሳይጠረግ የገባ ግራሶ አሸዋውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል። የግራሶ ፓምፑ የሚቆመው አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ መታየት ሲጀምር ነው። ኪንግፒን ላይ ክብደት ካረፈ ግራሶ ወደ ሁሉም ጎን ስለማይደርስ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት መነሳት አለባቸው። ግራሶ አልቀበል ያለ ቀዳዳ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ቀዳዳውን መለወጥ ርካሽ ሥራ ሲሆን ትቶ ማለፍ ግን ኪንግፒኑን ያስበላል።

የግራሶው ጊዜ በአምራቹ መመሪያ ይወሰናል። ከባድ ጭነት በአቧራማ መንገድ የሚያመላልስ መኪና ግን መመሪያው ለመደበኛ መንገድ ካስቀመጠው ጊዜ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ያስፈልገዋል። መኪና በከፍተኛ ግፊት ውኃ ከታጠበ ወይም ጎማው የተዋጠበት ውኃ ካቋረጠ በኋላም መድገም ይገባል። በሐይቅና በወንዝ ዳር መኪና ማጠብ በተሽከርካሪውም በውኃውም ላይ ጉዳት አለው፤ መገጣጠሚያዎቹ ግራሷቸው ይታጠባል፣ ዘይቱና ሳሙናው ደግሞ ዓሣ ወደሚጠመድበትና መስኖ ወደሚጠለፍበት ውኃ ይገባል።

በቤት መኪናዎች ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች በአብዛኛው ታሽገው የሚመጡ በመሆናቸው ግራሶ አይሰጣቸውም። የባለንብረቱ ሥራ የጎማ ሽፋኖቻቸው አለመቀደዳቸውን በየወሩ መመልከት ነው። በጊዜው የታየ ቀዳዳ ሽፋኑን ብቻ በመለወጥ ይድናል። ሳይታይ የቀረው ግን አሸዋ አስገብቶ የጥርሱን ዘንግ ሙሉ በሙሉ ያስለውጣል።

መሪ ሲንቀጠቀጥ

በተወሰነ ፍጥነት፣ ለምሳሌ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ብቻ የሚመጣ ንቅጥቃጤ በአብዛኛው ከጎማ ባላንስ ነው። ከጭቃ መንገድ በኋላ የጀመረ ከሆነ በቸርኬው ውስጠኛ ክፍል የደረቀ ጭቃ ይፈለግ፤ ማጠብ ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሬን ዲስክ ጉዳይ ነው። ጎሚስታ ጋር ጎማ ከተሠራ በኋላ የጀመረ ንቅጥቃጤ ደግሞ ፈጥኖ መቆምን ይጠይቃል፤ የጎማው ዳዶዎች ላልተው ሊሆኑ ይችላሉ። ዳዶዎች የሚጠብቁት በተራ ዙሪያውን ሳይሆን ተቃራኒ ተቃራኒውን ነው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ።

ባጃጅ

ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ የመሪ ሳጥን የለውም፤ እጀታው ከፊት ሹካ ጋር በቀጥታ ተያይዟል፣ የሚዞረውም በላይና በታች ባሉ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሹካው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል። እጀታው ከመሐል ወደ ጎን ሲገፋ በነፃነት መዞር አለበት፤ በአንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ወይም የሚንኮራኮር ከሆነ የኩሽኔታው ኳሶች መቀመጫቸውን ቦርቡረዋል፣ ማጥበቅም አያድነውም። የታጠፈ የፊት ሹካ በእሳት ተሞቆ ከተቃና ወይም ከተበየደ ጥንካሬውን ስለሚያጣ መለወጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

በራስ የማይሠሩ ሥራዎች

ታይሮድ፣ የመሪ ክንድና ዘንግ አይበየዱም፣ በእሳትም አይቃኑም። የታይሮድ ዳዶ እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን ሲጠፋ ሚስማር ወይም ሽቦ መተካት በየመንገዱ ይታያል፤ ፒኑ ራሱ ከርካሽ ዕቃዎች አንዱ ሲሆን የሚይዘው ግን የጎማውን አቅጣጫ ነው። ያገለገለ የታይሮድ ጫፍ ገዝቶ መግጠም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ የተበላው ክፍል ከውጭ አይታይምና። የአየር ከረጢት ያለበትን መሪ መፍታት፣ የመሪ ሳጥንን ወይም የጥርሱን ዘንግ መክፈትም መሣሪያና ሥልጠና ላለው ባለሙያ የሚተው ነው።

ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ የመንገድ ጠርዝ የተሸጋገረች በመሆኗ በቀኝ መሪ የተሠሩ ተሽከርካሪዎች መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ሊገኙ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የመሪው ዘንግ፣ ሳጥኑና የተያያዘበት ብረት በባለሙያ እንዲታይለት ማድረግ ይጠቅመዋል። ብየዳ ከተገኘ ግዢው እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

በጉዞ ላይ ችግር ሲፈጠር

በጉዞ ላይ መሪው በድንገት ከከበደ የተቋረጠው ረዳቱ ነው፤ መሪው ግን አሁንም ጎማውን ያዞራል። ሞተሩን ሳያጠፉ፣ መሪውን በሁለት እጅ ጠንክሮ በመያዝ፣ ፍጥነትን ቀስ በቀስ በመቀነስ ከመንገዱ ጠርዝ መውጣት ይቻላል። በተቃራኒው መሪው በድንገት ከቀለለና ባዶ ከዞረ፣ ብረት ሲመታ የሚሰማ ድምፅ ካለ ወይም መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ወደ ቦታው አልመለስ ካለ እግርን ከነዳጅ አንስቶ በለስላሳ ፍሬን መቆም እንጂ እስከ ቀጣዩ ከተማ ለመድረስ መሞከር አይገባም። በፍጥነት መንገድ ላይ ከሆነ የአደጋ መብራት ይበራል፣ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከኋላ በበቂ ርቀት ይቀመጣል፣ ተሳፋሪዎችም ከመንገዱ ወጥተው ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሄዳል እንጂ በገመድ አይጎተትም፤ የሚጎተት ተሽከርካሪም የሚሠራ መሪ ያስፈልገዋል።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ

ባለንብረቱ ያደረገውን ምርመራ ለመካኒኩ ቢያስረዳ ሥራው ይፈጥናል። ላልቷል የተባለው ክፍል ከመፈታቱ በፊት ንቅናቄውን በዓይን እንዲያይ መጠየቅ፣ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጠው ማድረግ፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ መውሰድ መብቱ ነው። ታይሮድ ከተለወጠ በኋላ አላይመንት የግድ ነው፤ ይህን ሳይሠሩ መሄድ አዲሱን ጎማ በአጭር ጊዜ ያስጨርሳል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ያደርጋሉ፤ መሪም ከፍሬን፣ ከመብራትና ከጎማ ጋር ይታያል። ከምርመራው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የባዶ እንቅስቃሴውን ልኬት፣ የጎማ ሽፋኖቹንና የዘይቱን ፍሳሽ መመልከት ለጥገና በቂ ጊዜ ይሰጣል፤ በምርመራው ቀን ጠዋት የተጀመረ ጥገና ግን ዋጋው የሚወሰነው በባለንብረቱ ችኮላ ነው። ቦሎው የተለጠፈ መሆኑም እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ለመሪው ዋስትና አይሆንም። ምርመራው የሚያሳየው ተሽከርካሪው በዚያ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው፤ አንድ የጎማ ሽፋን ለመቀደድ ደግሞ አንድ ስለታም ድንጋይ ይበቃዋል።